የአንድ ሕፃን ፋይል ጉዞ፤ ከቀበሌ ማስረጃ እስከ ፍርድ ቤት ውሳኔ

የኢትዮጵያ ሕፃናት በውጭ ሀገር ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይወሰዱ በሕግ ከተከለከለ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ያጸደቀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1070/2010፣ የውጭ ሀገር ዜጎች ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ የሚወስዱበትን የሕግ በር ዘግቷል። በመሆኑም ዛሬ በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ የሀገሪቱ ክፍል ለዚህ ዓላማ የሚከፈት አዲስ ፋይል የለም።

ይሁንና ጉዳዩ ከመዝገብ ቤት ጨርሶ አልወጣም። በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የተወሰዱ ሕፃናት አድገው ለአካለ መጠን ደርሰዋል። ከእነርሱ መካከል ወደ ትውልድ ስፍራቸው ተመልሰው ወላጆቻቸውን የሚያፈላልጉ አሉ። ይዘውት የሚመጡት መነሻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀበሌ ወይም ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የወጣ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ነው። በሌላ በኩል የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ ሕፃናትን ከቤተሰባቸው ጋር መልሶ ማቀላቀልና የአደራ ቤተሰብ አገልግሎት ዛሬም የሚጀመሩት በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚህ አንጻር የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ሰነዶች ያለፉባቸውን ደረጃዎች፣ በየደረጃው የነበረውን የመጠበቅ ጊዜና ከዚያ የሚገኘውን ትምህርት መመልከት ለመንግሥት ሠራተኞችና ለኃላፊዎች ጠቃሚ ይሆናል።

ጉዲፈቻና ማደጎ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎችም ሆነ በባሕር ዳር ከተማ ልጅን ለዘመድ ሰጥቶ ማሳደግ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ለትምህርት ሲል በአጎቱ ወይም በአክስቱ ቤት ይኖራል፤ ወላጆቹ የሞቱበት በአያቶቹ እጅ ያድጋል። ጡት አጣብቶ የጡት ልጅ ማድረግም በአማራው ሕዝብ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል ወደ አማርኛና ወደ ሕጉ ቋንቋ የገባ ነው። በእነዚህ ልማዶች ልጁ በአብዛኛው ሌላ ቤተሰብ ያገኛል እንጂ የወለዱትን አያጣም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይህን መንፈስ የተከተለ ነው። ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ ለማንኛውም ጉዳይ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ልጁ ከተወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ አያይዞ አስፍሯል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ቅድሚያ ያገኛል።

በአንጻሩ ሕፃናቱን ከተቀበሉት ሀገሮች መካከል በአሜሪካ ያለው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ የጉዲፈቻ ውሳኔ ከወላጅ ቤተሰብ ጋር ያለውን ሕጋዊ ዝምድና ያቋርጣል፤ ለልጁም አዲሶቹን ወላጆች እንደ ወላጅ የሚጠቅስ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። አንዲት በወረዳ ጽሕፈት ቤት አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ የፈረመች እናት ልጇ ተምሮ እንደሚመለስና እንደሚጦራት ልታስብ ትችላለች። ወረቀቱን የተቀበለው ቤተሰብ ግን ልጁ ለዘለዓለሙ የእርሱ ብቻ እንደሆነ ይረዳል። ወረቀቱ አንድ ሲሆን ሁለቱ ወገኖች የተረዱት ግን የተለያየ ነበር። ይህን ልዩነት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ኃላፊነት በቅድሚያ የሚወድቀው ፊርማውን በሚያስፈርመው ሠራተኛ ላይ ነበር።

ፋይሉ የሚጀመረው ከቀበሌ ነበር

የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ፋይል መነሻው አዲስ አበባ አልነበረም፤ ሕፃኑ በተወለደበት ወይም ተጥሎ በተገኘበት ቀበሌ ነበር። ወላጆቹ በሞት የተለዩት ሕፃን ከሆነ መሞታቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በምስክሮች ቃል ተደግፎ ይጻፋል። በሕይወት ያለ ወላጅ ካለ ደግሞ ልጁን ለማሳደግ ያልቻለበት ምክንያት ይገለጻል። ሕፃኑ ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ፖሊስ የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ ያገኘውን ሰው ቃል እንዲሁም ቤተሰቡን ለማፈላለግ የተደረገውን ጥረት መዝግቦ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያስተላልፋል። ከዚያም ሕፃኑ በሕጋዊ መንገድ ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ይሰጣል። ተቋሙም የሕፃኑ አሳዳሪ ይሆናል።

በዚህ ደረጃ ከነበሩት ችግሮች ዋነኛው የልደትና የሞት ምዝገባ ሥርዓት አለመኖሩ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላም በሀገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ከዚያ በፊት የተወለደ የአብዛኛው ሕፃን የልደት ቀን በቤተሰቡ ትውስታ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነው። አንዲት እናት ልጇ የተወለደው በጥምቀት ሰሞን ወይም ጤፍ ሲታጨድ እንደነበር ትናገራለች። ጸሐፊው ያንን ወደ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ይለውጠዋል። ግምቱ ግምት መሆኑ ካልተገለጸ ግን ወረቀቱ ወደሚቀጥለው ቢሮ ሲደርስ የተረጋገጠ እውነት ሆኖ ይነበባል።

የሞት ማስረጃም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሦስት ምስክሮች ቀርበው አባት መሞቱን ከተናገሩ ቀበሌው ያንኑ ይጽፋል። አባትየው ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አካባቢ ሄዶ ከሆነስ? ምስክሮቹ ያወቁት በወሬ ከሆነስ? እነዚህን ጥያቄዎች ለማጣራት ከቀበሌው የተሻለ ቦታ አልነበረም፤ ፋይሉ ከቀበሌው በራቀ ቁጥር የማጣራቱ ዕድልም ይጠብ ነበር። ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ቢሮ ወረዳው የጻፈውን ያያል፤ አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት ክልሉ የጻፈውን ያያል፤ ዳኛውም በመጨረሻ የሁሉንም ፊርማ ያያል። ከላይ ያሉት ማኅተሞች ቢበዙም ሁሉም የቆሙት በመጀመሪያው ማኅተም ላይ ነበር።

በሌላው ወገን የነበረው መጠበቅ

ሕፃኑ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ እያለ በሌላ አህጉር ደግሞ አንድ ቤተሰብ የራሱን ፋይል ያዘጋጃል። ቤተሰቡ በማኅበራዊ ባለሙያ የተጻፈ የቤት ጥናት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። እነዚህ ሰነዶች በሀገሩ ባለሥልጣናት፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያ ኤምባሲ ይረጋገጣሉ። አዲስ አበባ ሲደርሱም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋሉ። ቤተሰቡን ወክሎ ጉዳዩን የሚከታተለው የጉዲፈቻ ድርጅትም ፈቃድ ያለው መሆን ነበረበት።

ድርጅቱ ቤተሰቡን ከአንድ ሕፃን ጋር ካገናኘ በኋላ የሕፃኑን ፎቶግራፍ፣ የጤና ሁኔታውንና አጭር ታሪኩን ይልክለታል። አስቸጋሪው የመጠበቅ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ፎቶግራፉን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል፤ አልጋና ልብስ ያዘጋጃል፤ ልጁ ግን በሕግ ገና የእርሱ አይደለም። ጊዜው ሲረዝም የጤናና የፖሊስ ማስረጃዎቹ የአገልግሎት ጊዜ ስለሚያበቃ እንደገና ማውጣት ግድ ይሆናል። በሦስት ወሩ በፎቶግራፍ የታየ ሕፃን ከቤተሰቡ ጋር ሲገናኝ ቆሞ መሄድ የጀመረ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መካከል የሚጠብቁት ሁለት ወገኖች ብቻ እንዳልነበሩ መታወስ አለበት። ልጇን የሰጠች እናት ወይም አያትም በገጠር ቀበሌዋ ሆና ትጠብቃለች። ለእርሷ ፎቶግራፍ የሚልክላት፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ የሚነግራት ላይኖር ይችላል። ሕፃኑ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ መዘዋወሩን የምታውቀው ለምስክርነት ስትጠራ ሊሆን ይችላል። ከጣና ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሐይቁ ዳርቻ ወጥታ ለማታውቅ አንዲት እናት ያ ጉዞ የሕይወቷ ረጅሙ ጉዞ ሊሆን ይችላል።

የሚኒስቴሩ አስተያየትና የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ

የቤተሰብ ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት በነበረው አንቀጽ 193 መሠረት፣ ጉዲፈቻ አድራጊው የውጭ ሀገር ዜጋ ከሆነ ፍርድ ቤት ስምምነቱን ማጽደቅ የሚችለው የሕፃናትን ደኅንነት ለመከታተል ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት አካል አስተያየት ሲሰጥ ነበር። ይህ አካል የጉዲፈቻ አድራጊውን ግላዊ፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታ መርምሮ ስምምነቱ ለሕፃኑ የሚጠቅም መሆኑን ይገልጻል። ይህ ኃላፊነት በተለያዩ ዓመታት በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ በሴቶች ጉዳይ፣ ቀጥሎም በሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ቆይቷል።

ጉዳዩን ይመለከት የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሕጉ በአንቀጽ 194 ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት ጉዲፈቻው ለሕፃኑ ጥቅም መሆኑን በሚገባ እንዲያረጋግጥ ያዛል። የሕፃኑ አስተያየት፣ የጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን የማሳደግ ችሎታና ልጁን እንደ ራሱ ልጅ እንደሚይዝ የሚያሳዩ መረጃዎች ይታያሉ። ጉዲፈቻ አድራጊው የውጭ ሀገር ዜጋ በሆነ ጊዜ ደግሞ ልጁ በኢትዮጵያ ውስጥ ሊያድግ የሚችልበት ዕድል አለመኖሩ መታየት ነበረበት።

የመጨረሻው መስፈርት ኢትዮጵያ ከተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ጋር የተጣጣመ ነው። ቻርተሩ በአንቀጽ 24 የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በሰኔ 2001 ዓ.ም. የወጣው ሀገር አቀፍ የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤን፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና የተቋም እንክብካቤን ዘርዝሯል። ነገር ግን ከባሕር ዳር የሄደ አንድ ሕፃን በሀገሩ አሳዳጊ ማግኘት አለማግኘቱ ሊታወቅ የሚችለው በባሕር ዳር እንጂ በአዲስ አበባ ችሎት አልነበረም። አጎት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ተጠይቆ እንደሆነ ፋይሉ ካልተናገረ ዳኛው ከየትም ሊያገኘው አይችልም።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በብዙ ምክንያት ይራዘም ነበር። የሚኒስቴሩ አስተያየት በዕለቱ ካልደረሰ፣ የወላጅ ስም በሁለት ሰነዶች ላይ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ ወይም አንድ ማስረጃ ማኅተም ከጎደለው ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም ማብቂያ በእረፍት ላይ ስለሚሆኑ በሐምሌ ያልተቋጨ ፋይል እስከ ጥቅምት ሊቆይ ይችላል። ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጉዲፈቻ አድራጊዎች ራሳቸው ችሎት እንዲቀርቡ በመደረጉ ብዙዎች አንድ ጊዜ ለችሎት፣ ሌላ ጊዜ ልጁን ለመውሰድ ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ተገደዋል።

ከውሳኔው በኋላም ሂደቱ አያበቃም። በአዲሱ ስም የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ ቀጥሎ ፓስፖርት ይዘጋጃል፤ ከዚያም ፋይሉ ወደ ተቀባዩ ሀገር ኤምባሲ ይሄዳል። የአሜሪካ ኤምባሲ ሕፃኑ በሀገሩ ሕግ ወላጅ አልባ ሊባል የሚችል መሆኑን በራሱ መንገድ ያጣራ ነበር። አንዳንድ ጊዜ በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ላይ በሰነዱና በእውነታው መካከል ልዩነት ይገኛል። ያን ጊዜ ሕፃኑ በፍርድ ቤት ውሳኔ የአዲሱ ቤተሰብ ልጅ ሆኖ ሳለ ቪዛ ግን ሳያገኝ ይቀራል። ይህንን ለማስቀረት አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2013 ጀምሮ ማጣራቱ ከፍርድ ቤት ውሳኔ በፊት እንዲካሄድ አድርጋለች።

ከ50 ወደ 5

እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ብቻ 2,500 ገደማ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ሕፃናትን ወደ አሜሪካ በመላክ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች። ይህ በሆነበት ወቅት በዓለም አቀፍ ደረጃ የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2004 ከደረሰበት 45,000 ገደማ እየቀነሰ ነበር። ሌሎች ሀገሮች በራቸውን ሲያጠብቡ በኢትዮጵያ ላይ ያለው ፍላጎት ጨምሯል፤ የፋይሉ ብዛትም እንዲሁ።

በዚያን ጊዜ ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 የሚደርሱ ፋይሎችን ይመለከት እንደነበር ተገልጿል። በ8 የሥራ ሰዓት 50 ፋይል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢታይ ለአንድ ሕፃን ጉዳይ የሚደርሰው ጊዜ 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማኅተም መኖሩን ማየት ይቻላል፤ ከማኅተሙ በላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን ማጣራት ግን አይቻልም።

ከመጋቢት 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሚኒስቴሩ በቀን የሚመለከተውን ፋይል ወደ 5 ዝቅ አድርጎታል። ለዚህም የተሰጠው ምክንያት ሰነዶችን በጥልቀት መመርመር ማስፈለጉ ነበር። በዓመት 250 ያህል የሥራ ቀናት ቢታሰብ በዚህ ስሌት የሚታየው ፋይል ከ1,250 አይበልጥም። ውሳኔው በሂደት ላይ ለነበሩ ቤተሰቦች የመጠበቅ ጊዜያቸውን አራዝሟል፤ በማሳደጊያ ተቋማት ያሉ ሕፃናትም እንዲሁ ቆይተዋል። ቁጥሩ በቀጣዮቹ ዓመታት እየቀነሰ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አሜሪካ የሄዱት ሕፃናት ከ1,000 በታች ሆነዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አስተያየቶች ይሰነዘሩ ነበር። አንደኛው ወገን መዘግየቱ ሕፃናትን በተቋም ውስጥ እንዲያድጉ አድርጓል ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ ጥድፊያው ወላጅ ያላቸውን ሕፃናት ወላጅ አልባ አድርጎ እንዲላኩ ምክንያት ሆኗል ይል ነበር። ሁለቱም አስተያየቶች እውነትነት ነበራቸው። ጊዜ በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ ዋናው በጊዜው ውስጥ ምን ተሠራበት የሚለው ነው። ፋይሉ የሚጠብቀው አንድ ባለሙያ ወደ ቀበሌው ሄዶ አጎትየውን እስኪያነጋግር ከሆነ፣ ያ ጊዜ ሕፃኑን ይጠቅማል። ፋይሉ በመሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ ግን አንድ ወርም ቢሆን ከሕፃኑ ዕድሜ የተቀነሰ ነው።

ወረቀቱ ያልተናገረው

በእነዚያ ዓመታት የተገለጹት ጉድለቶች ተመሳሳይነት ነበራቸው። በሕይወት ያለ ወላጅ እንደሞተ ተደርጎ ተጽፏል፤ የሕፃናት ዕድሜ ዝቅ ተደርጓል፤ ቤተሰብ ያለው ሕፃን ተጥሎ እንደተገኘ ተመዝግቧል። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አልነበረም። በደቡብ ኮሪያ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ባወጣው ግኝት፣ በቀደሙት አሥርት ዓመታት ወደ ውጭ በተላኩ ሕፃናት ሰነዶች ላይ ወላጅ ያላቸው ሕፃናት ወላጅ አልባ ተደርገው መመዝገባቸውን ገልጾ፣ ለተፈጸመው የመብት ጥሰት መንግሥትን ተጠያቂ አድርጓል። በሌላ ዘመንና በሌላ አህጉር የተፈጸመ ቢሆንም ጉድለቱ የጀመረው በተመሳሳይ ቦታ፣ ማለትም በመጀመሪያው ምዝገባ ላይ ነበር።

ሕፃናቱ ከሄዱ በኋላ የሚደረገው ክትትልም ደካማ ነበር። ቤተሰቦች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ስለ ሁኔታው በየጊዜው ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅ የነበረ ቢሆንም አፈጻጸሙን ከሩቅ ሆኖ ማስገደድ አዳጋች ነበር። በግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በጉዲፈቻ የተወሰደች አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በደረሰባት በደል ሕይወቷ አልፏል። አሳዳጊዎቿም ጥፋተኛ ተብለው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የእስራት ቅጣት ተወስኖባቸዋል። ጉዳዩ በሀገር ውስጥ ከፍተኛ ቁጣ አስነስቷል። የቤተሰብ ሕጉ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ሊሽረው እንደሚችል ቢደነግግም፣ ድንጋጌው ውቅያኖስ ተሻግሮ ሕፃኑን በጊዜው መድረስ የሚችልበት መንገድ እምብዛም አልነበረም።

በመጨረሻም መንግሥት ሚያዝያ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ጉዲፈቻን አገደ። እገዳው በሂደት ላይ የነበሩትን ቤተሰቦች ለተጨማሪ መጠበቅ ዳረጋቸው። ከዘጠኝ ወራት ገደማ በኋላም ክልከላው በአዋጅ ጸና። በእነዚህ ዓመታት ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ሕፃናት ከ15,000 በላይ ናቸው።

የሚመለሱ ልጆችና የሚጠብቃቸው መዝገብ

ከሀገር የወጣ ልጅ ተመልሶ ቤተሰቡን የመፈለጉ ታሪክ በአማራ ክልል አዲስ አይደለም። በጎንደር የተወለዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ተወስደው በባዕድ ስም አድገዋል። በሕክምና ተመርቀው ከዓድዋ ድል በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ፣ አያታቸው ልጃቸው መሆናቸውን የለዩት በአካላቸው ላይ በነበረ የልጅነት ጠባሳ እንደሆነ ይነገራል። ወርቅነህ ከዚያ በኋላ በሕክምና፣ በአስተዳደርና በዲፕሎማሲ ሀገራቸውን አገልግለዋል።

ዛሬ ለሚመለሱት ወጣቶች የጠባሳውን ቦታ የሚይዘው የተጻፈው ሰነድ ነው። የቀበሌው ደብዳቤ ቁጥር፣ የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ፣ የፖሊስ ሪፖርትና የምስክሮቹ ስም ካልጠፉ ቤተሰቡ ሊገኝ ይችላል። ስሙ በግምት ከተጻፈ፣ ቀበሌው በሌላ ቀበሌ ስም ከተመዘገበ ወይም መዝገቡ ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ከተወገደ ግን አንድ ሰው ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ ይዘጋል። ሕጉ ዝምድናው እንደማይቋረጥ ደንግጓል፤ ዝምድናውን በተግባር የሚያቆየው ግን መዝገብ ቤቱ ነው።

በአንጻሩ የወላጅ ቤተሰብም ክብርና ምስጢር አለው። ልጇን በችግር የሰጠች እናት ዛሬ ሌላ ትዳር ኖሯት ጉዳዩ በአደባባይ እንዲነሳ ላትፈልግ ትችላለች። በመሆኑም መረጃው ለመጣው ሁሉ ክፍት የሚሆን አይደለም። ጠያቂው ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ የወላጅ ፈቃድ በጥንቃቄና በግል ተጠይቆ ሁለቱን ወገኖች በክብር ማገናኘት ይገባል።

ለዛሬው ሥራ የሚተርፍ ትምህርት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መንግሥት አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት በተለየ ሁኔታ እንደሚንከባከብና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንደሚያበረታታ ይደነግጋል። የውጭው በር መዘጋቱ ይህንን ኃላፊነት ወደ ሀገር ውስጥ አምጥቶታል። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በሞት፣ በድህነት፣ በግጭትና በመፈናቀል ምክንያት ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃናት ዛሬም አሉ፤ ፋይላቸውም ከቀበሌ ይጀምራል።

ከትናንቱ ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት ተጨማሪ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ማስረጃ ሲጻፍ መረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነና ያወቀው በዓይኑ አይቶ ወይም ሰምቶ መሆኑ ሊገለጽ ይገባል። የተገመተ ዕድሜ ግምት ተብሎ ይጻፍ። ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ጉዲፈቻ ከማደጎ የሚለይበትን ነጥብ ሠራተኛው አንብቦ ያስረዳ፤ ማስረዳቱም በቃለ ጉባዔ ይያዝ። አሳዳጊ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩ ዘመዶች ተጠይቀው እንደሆነ በስም ይመዝገብ። ፋይሉ ወደ አንድ ቢሮ የገባበትና የወጣበት ቀንም ይጻፍ፤ ያ ሲሆን የትኛው ቀን ለማጣራት፣ የትኛውስ ያለ ሥራ እንዳለፈ ይታወቃል።

የልደት ምዝገባ መጀመሩ ሥራውን አቅልሎታል። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ጉዲፈቻን ከሚመዘገቡ ኩነቶች መካከል አካትቶታል። ስለዚህ ዛሬ በባሕር ዳር ክፍለ ከተማዎችም ሆነ በጣና ዙሪያ ወረዳዎች የሚወለድ ሕፃን በጊዜው ከተመዘገበ፣ ነገ ምንም ቢገጥመው ወላጆቹ እነማን እንደነበሩ የሚናገርለት ወረቀት ይኖረዋል።

አንድ የቀበሌ ሠራተኛ በሥራ ብዛት ተጣድፎ የሚፈርመው ደብዳቤ ለእርሱ የዕለቱ ተራ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ደብዳቤ ይዞ ወደዚያው ቢሮ ለሚመጣው ወጣት ግን ስለ ልደቱና ስለ ወላጆቹ ያለው መረጃ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ደብዳቤው ሲጻፍ እውነቱ ተጣርቶ፣ ከተጻፈም በኋላ በሚገኝበት ቦታ ተጠብቆ ሊቆይ ይገባል።